ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ላለችው ፋርማሲስት፣ ከልብ የመነጨ ምስጋና

ይህን የምጽፈው ወንድሜ ፈቅዶልኝ ነው።

ወንድሜን አረቄ ይዞት ቤታችን ሰላም አጥቶ ነበር። አክስታችን ከአሜሪካ ናልትሬክሶን የሚባል ኪኒን በሰው ላከችለት። እዚያ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእነ ሄሮይን፣ ከ1994 ወዲህ ደግሞ ለመጠጥ ሱስ የተፈቀደ መድኃኒት ነው። እኔም በደስታ ብልቃጡን ይዤ አወሳሰዱን ልጠይቅ ፈረንጅ አራዳ ወዳለ አንድ ፋርማሲ ሄድኩ።

ልጅቷ አወሳሰዱን ከመንገሯ በፊት «የህመም ማስታገሻ ይወስዳል?» አለችኝ። አይወስድም አልኳት። አላመነችኝም፤ እሱን ራሱን በስልክ አናገረችው። «ወንድሜ፣ እዚህ ማንም አይቆጣህም። ዛሬ ጠዋት ምን ዋጥክ?» ትራማዶል። ባጃጅ ተገልብጦበት ወገቡን ከተጎዳ ጀምሮ ሳያቋርጥ ሲወስድ ኖሯል፤ እኛ አናውቅም።

ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ፤ እማዬ ስትመጣም በኦሮምኛ ደገመችላት። ናልትሬክሶን ትራማዶልና ሞርፊን አንጎል ውስጥ የሚቀመጡበትን ቦታ ይይዛል። እነሱ ተቀምጠው ካገኛቸው ገፍትሮ ያስነሳቸዋል፤ ሰውየው በአንዴ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ ላብና ቁርጥማት ይወርድበታል። ስለዚህ ቢያንስ ከ7 እስከ 10 ቀን ከእነዚህ መድኃኒቶች መጽዳት ያስፈልጋል፤ ሜታዶን የሚባለውን፣ ከሰውነት ቶሎ የማይወጣውን የእነሱን ዘመድ የወሰደ ሰው እስከ ሁለት ሳምንት ሊጠብቅ ይችላል። ትራማዶልን በድንገት መጣልም ራሱን የቻለ ስቃይ ስላለው «በሐኪም እጅ እየቀነሰ ያቁም» ብላ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ላከችን። አንዲት ኪኒን አልሸጠችልንም። ለምክሯም ሳንቲም አልተቀበለችም።

ሐኪሙ ጉበቱን አስመርምሮ፣ ትራማዶሉን ቀስ በቀስ አስቁሞ፣ ቀኑን ቆጥሮ ናልትሬክሶኑን አስጀመረው። አሁን ሦስተኛ ወሩ ነው፤ ማታ ማታ ከእኛ ጋር ራት ይበላል። ያን ቀን ዝም ብዬ ኪኒኑን ቤት ወስጄ አስውጬው ቢሆን ኖሮ እያልኩ እስከዛሬ ሌሊት እነቃለሁ።

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እህቴ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ።

ጅማ ያላችሁና እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ፣ ፋርማሲውን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ስትሄዱ ታማሚው የሚውጠውን ሁሉ፣ ባዶ ካርቶኑንም ቢሆን፣ ይዛችሁ ሂዱ። ናልትሬክሶን ጀምሮ ያቋረጠ ሰው ካለ ደግሞ ይህን ንገሩት፤ ሰውነቱ በለመደበት ዘመን ይውጠው የነበረውን ያህል ትራማዶል አሁን ቢውጥ ሊገድለው ይችላል። ይህንን ፋርማሲስቷ ብልቃጡ ላይ በእጇ ጽፋልናለች። የምትገባው ከሰዓት በኋላ ነው።