እማዬን እጇን ይዛ ላሻገረቻት ነርስ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ደግሞም እናቱ ወይም አባቱ በሞራ ምክንያት ዓይናቸው እየደከመ ቤት ለተቀመጡበት ሰው አንድ ጥቆማ ለመስጠት ነው።

እማዬ 71 ዓመቷ ነው። የምትኖረው ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ገጠር ውስጥ ነው። ዓይኗ እየደከመ እንደነበር ለማንም አልተናገረችም። እኔ ያወቅሁት ለፋሲካ የሄድኩ ጊዜ ነው። ምስር ስትለቅም አገኘኋት። ሰፌዱ ጭኗ ላይ ነው፤ ፊቷ ግን ወደ በሩ ዞሯል። ጠጠሩን በጣቷ እየዳሰሰች ነበር የምትለየው። ቆሜ አየኋትና ወደ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ።

አዲስ አበባ አመጣኋት። መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ «እርጅና ነው» ብለው መነጽር ሸጡን። ምንም አልረዳትም። ከዚያ በኋላ ነው ሪፈር ይዘን ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ዓይን ክፍል የሄድነው። ሐኪሙ በመብራት አየና ሁለቱም ዓይኗ ላይ የሞራ ግርዶሽ እንዳለ፣ በመነጽር እንደማይመለስ፣ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋት ነገረን።

እማዬ ግን «አይሆንም» አለች። አገር ቤት የሰማችው ወሬ አለ፤ ዓይንን አውጥተው፣ አጥበው መልሰው ያስገባሉ የሚል። «ጠበሌን እጠመቃለሁ፣ ይበቃኛል» አለች። አልተጣላኋትም። ጠበል አብሬያት ሄድኩ። ነፍስ አባቷን ደውለን አማከርናቸው። እሳቸው ናቸው «ሐኪሙንም የፈጠረው እሱ ነው፤ ሲራክ 38 ላይ ተጽፏል፤ እየጸለይሽ ታከሚ» ያሏት። ያኔ ልቧ ትንሽ ረገብ አለ።

ቀጠሮው ሲደርስ ፍርሃቱ ተመለሰ። ጠዋት ወረፋ ላይ ተቀምጠን እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። እህቴ ከቤሩት ደውላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጌላት አብረው ጸለዩ። እኔም ዳዊት 26ን አነበብኩላት። «እግዚአብሔር ብርሃኔና መድኃኒቴ ነው፤ የሚያስፈራኝ ማን ነው?» የሚለውን ሁለቴ አስደገመችኝ።

ይህን ሁሉ አንዲት ነርስ ከወዲያ ታይ ኖሯል። ስሟን ሳላስፈቅዳት አልጽፍም። መጥታ ከእማዬ ፊት በርከክ አለች። «እማማ፣ ምን ብለው ነው ያስፈራሩዎት?» አለቻት። እማዬም ያንን ወሬ ነገረቻት። ልጅቷ አልሳቀችም። «ዓይንዎ አይወጣም። እዚያው ባለበት ነው። ውስጡ ያለው እንደ መስታወት ያለ ነገር ደፍርሷል፤ የደፈረሰውን አውጥተን ንጹሕ እንተካለን» አለቻት። ከዚያ የሚሆነውን ሁሉ በተራ ነገረቻት። ጠብታው ያቃጥላል። ማደንዘዣው መርፌ ነው፤ ለትንሽ ጊዜ ያማል። ፊትዎ በጨርቅ ይሸፈናል፤ እንዳይደነግጡ። አይተኙም፣ ድምፃችንን ይሰማሉ። ሳል ከመጣብዎት ሳይስሉ በፊት ይንገሩን።

እማዬ «መጸለይስ እችላለሁ?» አለች።

«በልብዎ ይጸልዩ እማማ። ከንፈርዎና ራስዎ እንዳይነቃነቅ ብቻ። እኔ እጅዎን እይዛለሁ።»

እኔ ውጭ ቀረሁ። ውስጥ የሆነውን ያወራችኝ ራሷ እማዬ ናት። በልቧ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያለች አርባ አንዱን በጣቷ አንጓ ትቆጥር ነበር። ልጅቷ እጇን እንደያዘች ነው፤ ጣቷ ሲንቀሳቀስ ይሰማታል፣ አላስቆመቻትም። «አራተኛውን ዙር ሳልጨርስ ‹ጨርሰናል እማማ› አለችኝ» ትላለች። ይቺን ሁልጊዜ ስትናገር እጇን እያሳየች ነው።

በማግስቱ ጠዋት ፋሻው ተፈታ። እኔ ፊት ለፊቷ ቆሜ «አየሽኝ?» ልላት ስጠብቅ፣ እማዬ ወደ ድምፁ ዞረች። ያቺ ነርስ «እማማ እንዴት አደሩ?» ብላ ነበር። ትክ ብላ አየቻት። «አንቺ ነሽ እንዴ? በድምፅሽ ትልቅ ሴት ነበር የምትመስይኝ! ገና ልጅ ነሽ!» አለችና ጉንጯን በሁለት እጇ ይዛ መረቀቻት። «የዓይንሽን ብርሃን አይንሳሽ። ወልደሽ ሳሚ። ክፉ አይንካሽ።» ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሕመምተኞች ሁሉ «አሜን» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውም ቀላል አልነበረም። ጠብታው ለሳምንታት ነው፣ ሰዓቱን ጠብቆ። ዓይንን ማሸት የለም፤ ጭስ የለም፤ ከባድ ነገር ማንሳት የለም፤ ፊት ላይ ውኃ ማፍሰስም የለም። እማዬን ያስጨነቃት ስግደቱና ጠበሉ ነበር። ነርሷ «ይተዉት» አላለቻትም። «ሐኪሙ እስኪፈቅድልዎ አንገትዎን ዝቅ ብቻ ያድርጉ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ጠበሉን ደግሞ ይጠጡት» አለቻት። እማዬ ቃሏን ጠበቀች። እኔ ብሆን ኖሮ የምነግራት «ተከልክሏል» ብዬ ነበር፤ እሷም አትሰማኝም ነበር።

በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ በአገራችን ዓይናቸው ከጠፋ ሰዎች ግማሽ ያህሉን ያሳወራቸው ሞራ ነው። በቀዶ ሕክምና የሚነሳው ይኸው ሞራ ማለት ነው። በየቤቱ ስንት እናት በጣቷ እየዳሰሰች ምስር ትለቅም ይሆን? እባካችሁ አገር ቤት ስትሄዱ ዓይናቸውን ጠይቁ። «ደህና ነኝ» ቢሏችሁም ሲሠሩ እዩአቸው።

ለሚሄድ ሰው፦ ወረፋው ረጅም ነው፣ በጠዋት ድረሱ። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ይዛችሁ ሂዱ፣ ለሐኪሙም ንገሩ። ዓይን ክፍል ያሉት ሠራተኞች ሥራ ይበዛባቸዋል፤ ግን ጠይቋቸው፣ ይመልሳሉ። ሐኪሞቹንም፣ ካርድ ክፍል ያሉትንም፣ ጠዋት ጠዋት ወለሉን የሚያጸዱትን እናቶችም እግዚአብሔር ይስጥልን።

ነርሷ እህቴ፣ ይህን ካነበብሽው፦ ገንዘብ አልቀበልም ብለሽኛል። ድፎ ዳቦ ግን እንቢ አትይም። የእማዬ የሁለተኛው ዓይን ቀጠሮ ደርሷል፤ መጀመሪያ የጠየቀችኝም የዚያን ቀን ተረኛዋ አንቺ መሆንሽን ነው።