«ቀጥታ ከቪየና» እያሉ የሚሸጡት የቆየ ቪዲዮ ነው፤ ገንዘባችሁን እንዳትሰጡ

በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢት፣ በመሐል ሜዳና በአካባቢው ያላችሁ የመዝሙር ወዳጆች፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ ምንም ክፍያ አትፈጽሙ። በቴሌግራም «የዓለም ታላላቅ የወንድ ልጆች መዘምራን ኮንሰርት፣ ቀጥታ ከቪየና» የሚል ማስታወቂያ እየዞረ ነው። ለአንድ ሰው ሊንክ 650 ብር ይጠይቃሉ። ተሰብስበው ለሚያዩ ደግሞ «የአዳራሽ ሊንክ» የሚሉት አለ፤ እሱ 4,200 ብር ነው። ገንዘቡ የሚላከው በቴሌብር ወደ ግለሰብ ስልክ ነው፤ ደረሰኝ የለውም። እኛ ሰኔ ላይ ከፍለን አየነው። ያሳዩን ዓመታት ያለፉት፣ ኢንተርኔት ያለው ሰው ሁሉ በነጻ ሊያየው የሚችል ቪዲዮ ነው።

ብሩ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። የወሰዱብን ግን ከብር ይበልጣል፤ ለምን እንደሆነ እንዲገባችሁ ስለ ልጆቹ ድምፅ ትንሽ ላውራ።

የተወለድኩት መንዝ ነው። ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ቅዳሴ ስሄድ፣ ውርጩ እግር እየቆረጠመ፣ ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ሕፃን ዲያቆን «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል እሰማ ነበር። የሴት ድምፅ አይደለም፣ የጎልማሳም አይደለም፤ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ያለ ነው። አንድ ዓመት ክረምቱ ወጥቶ ያንኑ ዲያቆን ስሰማው ድምፁ ጎርንኖ ጠበቀኝ። «ምን ሆነ?» ብዬ እናቴን ብጠይቃት «አደገ» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችኝም፤ እኔ ግን ያን ቀን አልቅሼ ነበር።

ካደግሁ በኋላ አንድ ምሽት በሬዲዮ የእንግሊዝ ልጆች ሲዘምሩ ሰማሁና ያ ድምፅ ተመልሶ መጣልኝ። ከዚያ ወዲህ የልጆች መዘምራንን ስከታተል ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። በኦስትሪያ የቪየናው የወንድ ልጆች ቡድን መነሻው እ.ኤ.አ. በ1498 ንጉሠ ነገሥት ማክሲሚሊያን ቀዳማዊ በቤተ መንግሥቱ ያቆመው መዘምራን ነው። ዛሬ ከ9 እስከ 14 ዓመት የሚሆናቸው መቶ ያህል ልጆች በአራት ቡድን ተከፍለው በዓመት 300 ገደማ ኮንሰርት ያቀርባሉ። በጀርመን የላይፕዚጉ የቅዱስ ቶማስ መዘምራን ከ1212 ጀምሮ አለ፤ ታላቁ የሙዚቃ ደራሲ ዮሐን ሰባስቲያን ባኅ ከ1723 እስከ 1750 እነዚያን ልጆች ሲያስጠና የኖረ ሰው ነው። ከአፍሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው የደቡብ አፍሪካው የድራከንስበርግ ትምህርት ቤት መዘምራን አለ። እነሱ በዙሉ ቋንቋ እየዘመሩ ሲጨፍሩ ያላየ ሰው ብዙ ቀርቶበታል።

ታዲያ አንድ ልጅ ያን ከፍተኛ ድምፅ ይዞ የሚቆየው ለጥቂት ዓመት ብቻ ነው። ጉርምስና ሲመጣ ማንቁርቱ ያድጋል፤ የድምፅ አውታሮቹ ይረዝማሉ፣ ይወፍራሉም፤ ድምፁ አንድ ኦክታቭ (ስምንት የድምፅ ደረጃ) ያህል ይወርዳል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ከ12 እስከ 14 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ነው። አምና ብቻውን ቆሞ የዘመረው ልጅ ዘንድሮ ከዚያ መድረክ ላይ ላይኖር ይችላል። ለዚህ ነው እኛ ተከታታዮቹ «ቀጥታ» የሚለውን ቃል ስንሰማ እንቅልፍ የምናጣው። ዛሬ ማታ የሚዘምረውን ልጅ ዛሬ ማታ ካልሰማነው፣ በሚቀጥለው ዓመት የምንሰማው ሌላ ልጅ ነው። ሰዎቹ የሸጡልን ይህንን ጉጉታችንን ነው።

ማስታወቂያውን ያየሁት ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። የቡድኑን ስምና የልጆቹን ፎቶ ለጥፈዋል፤ ባሕረኛ የሚመስለው ዩኒፎርማቸው ሳይቀር አለ። ለወዳጆቼ ነገርኩ፣ አሥራ አራት ሆነን እያንዳንዳችን 300 ብር አዋጣንና 4,200 ብሩን ላክሁ። አንድ ወዳጃችን የሥልጠና ክፍሉን ሰጠን፤ ፕሮጀክተር ተውሰን ግድግዳው ላይ አንሶላ ወጠርን። ሁለት መምህራን ከደብረ ሲና የጣርማ በርን ጉም አቋርጠው መጡ። ማታ መመለሻ መኪና ስለሌለ አልጋ ይዘው ማደር ነበረባቸው፤ የእነሱ ኪሳራ ከሁላችንም ይበልጣል። ለዓመታት መዝሙር ሲያስጠኑ የኖሩ አንድ አባት ባናቸውን ተከናንበው ከፊት ተቀመጡ። የገብስ ቆሎና ሻይ ቀርቦ ነበር።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ደስ የሚሉ ነበሩ፣ አልዋሽም። ሦስተኛው ዝማሬ ላይ አንድ ልጅ ብቻውን ሊዘምር ከመሐል ወጣ። የእህቴ ልጅ፣ አሥር ዓመቱ ነው፣ አጠገቤ ተቀምጧል። እጄን ያዝ አደረገና «ጋሼ፣ አሁን በግራ እጁ አንገቱን ይነካል» አለኝ።

ልጁ በግራ እጁ የአንገቱን ጨርቅ ነካ አደረገ።

«እንዴት አወቅህ?» አልኩት። «ስልክህ ላይ ያለው እኮ ነው። ያኔ አንደኛ ክፍል ሆኜ ያየነው።» ቀጥሎ ያለው ነገር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም፤ «ጋሼ፣ ይኼ ልጅ አያድግም እንዴ?»

እውነቱን ነው። ያን ቪዲዮ ከሦስት ዓመት በፊት አብረን አይተነዋል፤ ልጄ ብዬ የማሳድገው ይህ ልጅ መስታወት ፊት ቆሞ ያንን የአንገት መንካት ለወራት ሲያስመስለው ነበር። በቪዲዮው ላይ ያ ዘማሪ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ይመስላል። ሦስት ዓመት ካለፈ ዛሬ አሥራ አምስት ሊሞላው ነው፤ ድምፁም ቢሆን የጎረነነ መሆን አለበት። እዚያ አንሶላ ላይ ግን ያው ሕፃን፣ ያው ድምፅ።

ከዚያ በኋላ ዓይኔ ተከፈተ። ልጆቹ የሚዘምሩበትን ቤተ ክርስቲያን መስኮቶች አየሁ፤ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ቪየና በዚያ ወር ከእኛ አንድ ሰዓት ብቻ ነው ወደ ኋላ የምትቀረው። በሰኔ ደግሞ ቀኑ እዚያ እጅግ ረጅም ነው፤ በእኛ 2 ሰዓት ላይ ፀሐያቸው ለመጥለቅ ገና ሁለት ሰዓት ገደማ ይቀራታል። ታዳሚዎቹ ወፍራም ካፖርት ለብሰዋል፣ አንዲት ሴት የአንገት ልብሷን እስከ አገጭዋ ጠምጥማለች። በእነሱ የብርድ ወራት የተቀረጸ ነው። ሃያ ደቂቃ ገደማ ሲሆን የማውዝ ቀስት ስክሪኑ ላይ ብቅ አለችና የዘማሪውን ፊት አቋርጣ አለፈች። ወዲያው ጥግ ላይ የቴሌግራም መልእክት መጣ የሚል ምልክት ታየ። አንድ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ የቆየ ቪዲዮ ከፍቶ የራሱን ስክሪን እያስተላለፈልን ነበር። ስልኬን አውጥቼ በነጻ ያለውን ቪዲዮ ከፈትኩና ጎን ለጎን አስኬድነው። ከታዳሚው መሐል የሚሰማው ሳል እንኳ በአንድ ቦታ ላይ ነው።

ባና የለበሱት አባት ምንም አልተናገሩም። ተነሥተው ሊወጡ ሲሉ የእህቴን ልጅ ራስ ዳበስ አደረጉት። እኔ ግን ሰው ያስተባበርኩት እኔ ነኝና ፊታቸውን ማየት አቃተኝ።

በማግስቱ ለሻጮቹ በትሕትና ጻፍኩላቸው፤ ሁለቱን ቪዲዮ ጎን ለጎን አድርጌ ላክሁላቸው። መልሳቸው «ውድ ደንበኛችን፣ ስርጭቱ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል። የተከፈለ ገንዘብ ተመላሽ አይሆንም» የሚል ነበር። ደግሜ ስጽፍ ዘጉኝ። የግሩፑን ስም ቀየሩ፣ ቅሬታ የጻፉትን ሁሉ አስወጡ። መዘምራኑ በዚህ ውስጥ እጃቸው የለበትም፤ በልጆቹ ስምና ፎቶ ሌሎች እየነገዱ ነው።

እናንተ እንዳትታለሉ የማውቀውን ልንገራችሁ። ትልልቆቹ መዘምራን ሁሉ የኮንሰርት ቀናቸውን፣ ከተማውንና አዳራሹን በራሳቸው ድረ ገጽ ላይ ያወጣሉ። ሻጩ «የትኛው አዳራሽ ነው?» ሲባል ካልመለሰ፣ ወይም የነገራችሁ ቀን የቡድኑ ዝርዝር ላይ ከሌለ፣ እዚያው ላይ ተዉት። እኔ ይህን ለማጣራት አምስት ደቂቃ አልሰጠሁም፤ እስካሁን ይቆጨኛል። «የአዳራሽ ሊንክ» የሚባለውንም አትመኑ። ለሕዝብ ለማሳየት ፈቃድ መስጠት የሚችለው የሥራው ባለመብት ነው፤ ወረቀቱን አሳዩኝ በሏቸው። እኛ ስንጠይቅ የላኩልን ማኅተም የሌለው፣ በስልክ የተሠራ ምስል ነበር። የሚተላለፍበትን ከተማ ሰዓት ከእኛ ሰዓት ጋር አስተያዩና መስኮቱን፣ የሰዉን አለባበስ ተመልከቱ። ደግሞም የምትወዱትን ቡድን ልጆች ፊት እወቁ። ከዚህ የሚበልጥ መከላከያ የለም፤ እኛን ያዳነን የአሥር ዓመት ልጅ ዓይን ነው።

ለመሆኑ ለምን እንከፍላለን? የድራከንስበርግ፣ የቪየናና የእንግሊዟ ካምብሪጅ መዘምራን በራሳቸው የዩቲዩብ ቻናል ብዙ ሥራዎቻቸውን በነጻ አስቀምጠዋል። እውነተኛ ቀጥታ የፈለገ ደግሞ እስከ ፈረንጆቹ ገና ይታገሥ። በካምብሪጅ የኪንግስ ኮሌጅ መዘምራን በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 24፣ በእኛ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ የገና ዋዜማ ሥርዓት ያደርጋሉ። ሥርዓቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1918 ነው፤ በቢቢሲ ሬዲዮ መተላለፍ የጀመረው ደግሞ በ1928። በእኛ ሰዓት አመሻሽ 12 ሰዓት ላይ ይጀምራል። አሥራ ስድስት ልጆች አሉ። የመክፈቻውን የመጀመሪያ ስንኝ ከእነሱ አንዱ ያለ ምንም መሣሪያ ብቻውን ይዘምራል፤ ማን እንደሚዘምር ለልጆቹ የሚነገራቸው በመጨረሻው ሰዓት ነው። ልጁ ትንፋሹን ሲስብ በሬዲዮ ይሰማል። ያንን የሰማ ሰው የውሸት ቀጥታ ምን እንደሚመስል በኋላ አይጠፋውም።

የከፈላችሁ ካላችሁ የቴሌብር የማረጋገጫ መልእክታችሁን አታጥፉት። የማስታወቂያውንና የንግግራችሁን ስክሪን ሾት አሁኑኑ አንሡ፤ ግሩፑን ሲዘጉት ሁሉም ይጠፋል። ለቴሌብር በ127 ደውላችሁ ቁጥሩን አስመዝግቡ፣ ከዚያ በቅርባችሁ ላለ ፖሊስ አመልክቱ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ነገር ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ በኮምፒውተር የሚፈጸም የማታለል ድርጊትን በወንጀል ያስጠይቃል። «300 ብር ነው፣ ምን አለው» የሚሉ አሉ። የአሥራ አራት ሰው 300 ብር ነው፤ በየከተማው ደግሞ እንደኛ የተሰበሰበ ስንት ቡድን እንዳለ አስቡት።

ሰሞኑን ያው ሰዎች በአዲስ ስም «ቀጥታ ከላይፕዚግ፣ የመስከረም ልዩ ኮንሰርት» ብለው መጥተዋል። ዋጋውን ወደ 800 ብር አሳድገውታል፤ የሚከፈልበት ቁጥር ግን እኛ የከፈልንበት ያው ቁጥር ነው። ከእኛ ጋር ማመልከት የምትፈልጉ የማረጋገጫ መልእክታችሁን ይዛችሁ ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ደብረ ብርሃን ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ እንገናኝ። መምህራኑም ከደብረ ሲና ይመጣሉ።