ደብረ ብርሃን ላይ ወፍራም የሱሪ ጨርቅ ፍለጋ

ደብረ ብርሃን እጁ የተባረከ ልብስ ሰፊ አያጣም። አስቸጋሪው ጨርቁ ነው። ለሰርግ የሚሆን፣ የሚያብለጨልጭ ጨርቅ ሞልቷል። ጉልበቱ ላይ ቶሎ የማይሳሳ፣ ሚስማር ሲይዘው የማይተረተር ወፍራም ጥጥ ግን መፈለግ አለበት።

ባለቤቴ ካናዳ ውስጥ ጣሪያ ሠሪ ነው። ሱሪ አይበረክትለትም። የምሰፋለት እኔው ነኝ፤ ነገር ግን እዚያ የወፍራም ጨርቅ ዋጋ ከተዘጋጀ ሱሪ አይተናነስም። ስለዚህ ዘንድሮ እናቴን ልጠይቅ ስመጣ ጨርቅ ገዝቼ ለመመለስ አስቤ ነበር። የተጠቀምኩባቸውን አገልግሎቶች እንደሚከተለው አየኋቸው። ዋጋ በብር አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት በሚቀጥለው ወር ተረት ይሆናል።

በዋናው መንገድ ዳር ካሉት ጨርቅ ቤቶች ልጀምር። መስተንግዷቸው ግሩም ነው። ጣቃ ዘርግቶ ማሳየት አይሰለቻቸውም፣ ሳትገዙ ብትወጡም ፊት አይነሱም። ችግሩ “ወፍራም የሱሪ ጨርቅ” ስትሉ የሱፍ ጨርቅ ያወርዱላችኋል። እሱን ተዉትና “የቱታ ጨርቅ” ወይም “የሥራ ልብስ ካኪ” በሉ። ያን ጊዜ ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የጠጣ ጣቃ ይወጣል። ዋጋውም ከላይ ከተደረደረው ይረክሳል፣ ምክንያቱም ለሠራተኛ ተብሎ የመጣ ነው። እኔ ያገኘሁት ቡናማ ካኪ ከሱፉ ጨርቅ በግማሽ ያህል ዋጋ ነበር። እሱም የአክስቴ ልጅ ቀድማ ዋጋ ከጠየቀችልኝ በኋላ ነው። የዳያስፖራ ዋጋ የሚባለው ነገር አሁንም አለ፣ አትጠራጠሩ።

አንድ ሱቅ ግን ቅር አሰኝቶኛል። ስሙን አልጠራም። “ንጹሕ ጥጥ ነው፣ እህቴ፣ በእናቴ!” ብሎ ማለልኝ። ክር መዝዤ ክብሪት ጫርኩበት። ተኮማትሮ ጥቁር ጠጠር ሆነ። ጥጥ ቢሆን እንደ ወረቀት ነድዶ፣ አመዱ በጣት ሲነካ ብን ይል ነበር። ሻጩ አላፈረም፤ “ድብልቅ መሆን አለበት” ብሎ አለፈው። ለነገሩ ድብልቅ መጥፎ አይደለም። 65 በመቶ ፖሊስተር፣ 35 በመቶ ጥጥ የሆነው በዓለም ላይ የተለመደ የሥራ ልብስ ጨርቅ ነው። መፋተግን ይችላል፣ ቶሎ ይደርቃል። ሞላሌ ገብስ ለሚያርሰው አጎቴ የገዛሁለት እሱኑ ነው። የእኔ ሰውዬ ግን ከእሳትና ከሬንጅ ጋር ነው የሚውለው፤ ፖሊስተር ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ለሱ ጥጥ ብቻ።

ሌላም መፈተኛ አለ። ጨርቁን በሁለት እጅ ያዙና ጠንከር አድርጋችሁ እሹት። ነጭ ዱቄት ከረገፈ ውፍረቱ የጨርቁ ሳይሆን የተቀባው ነገር ነው፤ ሲታጠብ ይሄዳል። ከዚያ ወደ ብርሃን አንሡት። ሰያፍ መስመር ያለውን ምረጡ፤ ጂንስም ካኪም የሚሸመኑት በዚያ መንገድ ነው። ክሩ ተጠጋግቶ ስለሚገባ ወፍራምም ሆኖ እንደ ልብ ይታጠፋል።

ክብደቱን ለማወቅ ያደረግኩት ነገር ቤተሰቡን ሁሉ አስቋል። ከናሙናው 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ቆርጬ ወርቅ ቤት ወሰድኩት። የወርቅ ሚዛን ስስ ነው፣ ከግራም በታች ያነባል። የተገኘውን ቁጥር በ100 ስታባዙት የአንድ ካሬ ሜትር ክብደት ይወጣል። የኔ 2.9 ግራም መጣ፤ 290 ማለት ነው። ለሥራ ሱሪ ከ250 እስከ 320 ያለው ጥሩ ነው። ወፍራም የሚባለው ጂንስ 400 ገደማ ይገባል፣ እሱ ግን የእግር ሲንገር ስፌት መኪናን ያስለቅሳል። ወርቅ ቤቱ ልጅ ሳንቲም አልተቀበለኝም። “ወርቅ ሲኖርሽ ትመጪያለሽ” አለኝ። ለዚህ አገልግሎት ሙሉ ነጥብ።

ሸራም አይቻለሁ። የጭነት መኪና ሸራ የሚሸጡ ሰዎች ጋ የጥጥ ሸራ በርካሽ ይገኛል፣ ጥንካሬው ደግሞ ከካኪ ይበልጣል። ነገር ግን ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ አብዛኛው ዛሬ ፕላስቲክ ነው። ሁለተኛ፣ ጥጥ የሆነውም ቢሆን ውኃ እንዳያስገባ በሰም ነገር የተነከረ ከሆነ አየር አያስገባም፣ ላብ ያፍናል። ያልተነከረውን አግኝቼ ሁለት ሜትር ገዛሁ፤ ለሱሪው ጉልበትና ለመሣሪያ ኪስ። ዥጉርጉር ወታደራዊውን ተዉት፣ ማንም ቢያሳያችሁ። ሜዳማ አረንጓዴውም ቢሆን በዚህ ጊዜ ኬላ ላይ ጥያቄ ያበዛል። ቡናማ፣ ግራጫ፣ ጥቁር ይበቃል።

ሰዎች ያመጡልኝን ምክር ሁሉ አልተቀበልኩም። አንዷ ጎረቤት “ከተማችን ብርድ ልብስ ፋብሪካ እያላት ጨርቅ ትፈልጊያለሽ?” አለችኝ። ብርድ ልብስ እንዲሞቅ ፊቱ ይበጠራል። የተበጠረ ክር መፋተግ አይችልም። አጎቴ ደግሞ የመንዝ ባና ይሁን አለ። የመንዝ በግ ሱፍ ሻካራ ነው፣ ያለ ገበር ጭን ያሳክካል። ለካባና ለምንጣፍ የሚያህለው የለም። ለሱሪ? ጣሪያ ላይ ሰው እያከከ መዶሻ አይይዝም።

አሁን ልብስ ሰፊው። ገበያው አጠገብ በተደረደሩት መካከል፣ የእግር መኪና ያላቸው አንድ ሽማግሌ ናቸው። ለባለቤቴ አንዱን ሱሪ እዚሁ አሰፍቼ፣ ሌላውን ጨርቅ ካናዳ ወስጄ ራሴ ልሰፋው ነበር ሐሳቤ። አሮጌ ሱሪውን ለልክ አቀረብኩላቸው።

“ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ተንበርክኮ ነው የሚውለው?”

“አዎ፣ ጋሼ። ጣሪያ ላይ ነው።”

“ከጉልበቱ ያወቅኩት ነው። ድርብ እናድርገው። መሐሉም ላይ ቁራጭ እናስገባበታለን፣ ሲቀመጥ እንዳይቀደድ።”

ይሄን ማንም አልነገራቸውም። ስፌቱን ጫፍ በጫፍ አጥፈው ሁለቴ ነው የሰፉት፤ ውስጡን ብትገለብጡት አንድም የተፈታ ክር አይታይም። ጨርቁን ግን ሳይነከር አልቆርጥም አሉኝ። ትክክል ናቸው፤ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል። ሙቅ ውኃ ውስጥ አሳድሬ አድርቄ አመጣሁላቸው። ከነከራችሁት በኋላ ነው መለካት ያለባችሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ጨምራችሁ ግዙ። ወርዱ ሜትር ከሃምሳ የሆነ ጨርቅ ለአንድ ወንድ ሱሪ ሜትር ከሠላሳ ይበቃል። ድርብ ጉልበት ካለው ሜትር ከሃምሳ።

የእጅ ዋጋቸው ከጨርቁ ዋጋ በታች ነበር። ያፈርኩበት ነገር ይሄ ነው፤ ካናዳ ውስጥ ሱሪ ማሳጠሪያ ብቻ ከዚህ ይበልጣል። ጨምሬ ከፈልኳቸው። እናንተም ጨምሩ።

የሚወቀሱበት ቀጠሮ ነው። ሐሙስ ያሉት ቅዳሜ ሆነ። ምክንያታቸው ሰርግ ነው። የሰርግ ወራት ከሆነ ገና ስትደርሱ ስጡ፣ የመመለሻችሁ ሳምንት አይሁን። የክር ጉዳይም አለ። በአካባቢው የተገኘው ክር ወፍራም ጨርቅ ላይ ይበጠሳል። ጠንካራ የፖሊስተር ክርና ቁጥር 18 መርፌ ከውጭ ይዛችሁ ኑ፤ ኪስ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው።

የኪሱን ጥግ በብረት ማያያዝ አሰኘኝ። ጄኮብ ዴቪስ የሚባል ልብስ ሰፊ ከሌቪ ስትራውስ ጋር ሆኖ በ1873 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበት ነገር ነው፣ ያኔም ለሠራተኛ ሱሪ ብለው። ጋሼ መሣሪያው የላቸውም። መንገድ ዳር ያለ ጫማ ሰፊ ግን ለቀበቶና ለቦርሳ የሚመታውን ብረት እዚያው ቁጭ ብዬ በደቂቃዎች መታልኝ። ዋጋው የሻይ ነው።

ቁርጥራጭ ጨርቅ መግዛትም አትናቁ። ጣቃ ሲያልቅ የሚቀረውን ሜትር ተኩል፣ ሁለት ሜትር ለብቻው አስቀምጠው በቅናሽ ይሰጣሉ፤ አንድ ሱሪ ይወጣዋል። የሚያሳዩት ግን ስትጠይቁ ብቻ ነው።

ሸዋ ሮቢት ለዘመድ ጥየቃ ወርጄ እዚያም ጠይቄ ነበር። ቆላ ነው፣ ሱቁ በስስ ጨርቅ የተሞላ ነው። ለዚህ ብላችሁ ጣርማ በርን አትውረዱ። ጣቃ ሙሉ የምትፈልጉ ከሆነ መርካቶ ይሻላችኋል፤ የደብረ ብርሃን ነጋዴም የሚያመጣው ከዚያው ነው። ለሁለት ለሦስት ሱሪ ግን 130 ኪሎ ሜትር ለመሄድ የሚያበቃ ልዩነት የለም። ከአዲስ አበባ ለምትመጡ መኪናው ከላምበረት ይነሣል። ረዳቱ ለሻንጣ የሚጠይቀውን ሳትከራከሩ አትክፈሉ።

የአውሮፕላን ሻንጣችሁንም አስሉ። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሆነ ጨርቅ፣ ወርዱ ሜትር ከሃምሳ ሲሆን፣ አንዱ ሜትር 450 ግራም ይመዝናል። አሥር ሜትር አራት ኪሎ ተኩል ነው። በርበሬና ሽሮ ከያዛችሁ ከሁለቱ አንዱ ይቀነሳል። እኔ ሽሮውን ቀነስኩ፣ እናቴ ግን መልሳ ከተተችው፤ የቀረው ለራሴ የገዛሁት ሦስት ሜትር ጥቁር ካኪ ነው። እህቴ በሚቀጥለው ጊዜ ስትመጣ ታመጣልኛለች።