ስናፕሲድ፦ በቀን አንድ ፎቶ ለሚያነሱ ጡረተኞች ይበቃል?

በቀን አንድ ፎቶ ማንሳት ጡረታ ለወጣ ሰው የሚስማማ ሥራ ነው። የሚነሳው ነገር ሩቅ አይደለም፤ ጓሮው፣ ጀበናው፣ የዕድር ድንኳኑ፣ የሰፈሩ ጉሊት ሁሉ ፎቶ ይሆናል። የሚያስቸግረው ከተነሳ በኋላ ያለው ነው። ፊት ይጠቁራል፣ ነጠላ ያለ ልክ ይነጣል፣ ግድግዳው ወደ አንድ ጎን ጋደል ይላል። እነዚህን ለማቃናት ከሚወርዱት አፖች መካከል ስናፕሲድን እንየው። የምናየውም ለባለሙያ ብለን አይደለም፤ መካከለኛ ዋጋ ያለው አንድሮይድ ስልክ ለያዘና ለአንድ ፎቶ ከአሥር ደቂቃ በላይ ስክሪን ላይ ማፍጠጥ ለማይፈልግ ሰው ነው።

አፑን በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኒክ ሶፍትዌር የሚባል ድርጅት ሲሆን በቀጣዩ ዓመት ጎግል ድርጅቱን ገዛው። ክፍያም ማስታወቂያም የለውም። ፎቶውን የሚያርመው እዚያው ስልኩ ላይ ስለሆነ ከወረደ በኋላ ዳታ አይበላም፤ ኔትወርክ በጠፋ ቀንም ይሠራል። ከፕሌይ ስቶር ሲያወርዱ አሳታሚው ጎግል መሆኑን ያረጋግጡ፤ ስምና መልክ አመሳስለው ማስታወቂያ የሚያዘንቡ አፖች አይጠፉም። በ2025 እ.ኤ.አ. ለአይፎን አዲስ መልክ ወጥቶለታል፤ ከዚህ በታች ያለው ግን አብዛኛው ሰው እጅ ላይ ያለውን የአንድሮይድ አሠራር የተከተለ ነው።

አጠቃቀሙ በአንድ ሕግ ይገዛል። ጣትን ወደ ላይና ወደ ታች ሲያንሸራትቱ ምን እንደሚስተካከል ይመርጣሉ፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያንሸራትቱ መጠኑን ይወስናሉ። ይህን የያዘ ሰው አፑን ግማሽ ያህል ለመደ ማለት ነው። ዓይን ለደከመ ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ቀጭን ማንሸራተቻ ፈልጎ በጣት ጫፍ መያዝ አያስፈልግም፣ ስክሪኑ የትም ቦታ ቢነካ ይሠራል። ከላይ በቀኝ በኩል ያለውን ምልክት ተጭነው ሲይዙ ፎቶው ሳይነካ በፊት የነበረው ይታያል። ከመጨረስዎ በፊት ሁልጊዜ ይጫኑት። ዓይን ቶሎ ስለሚለምድ፣ የበዛ ነገር መብዛቱ የሚታወቀው ከመጀመሪያው ጋር ሲተያይ ብቻ ነው።

ቱልስ የሚለው ውስጥ ወደ ሠላሳ የሚጠጉ መሣሪያዎች ተደርድረዋል። ለዕለት ፎቶ የሚያስፈልጉት አምስት ብቻ ናቸው፦ ቱን ኢሜጅ (የብርሃንና የቀለም ማስተካከያ)፣ ክሮፕ (ጠርዝ መቁረጫ)፣ ሮቴት (የጋደለ ማቃኛ)፣ ሴሌክቲቭ (የተመረጠ ቦታን ብቻ ማስተካከያ) እና ሂሊንግ (ነጠብጣብና ጭረት ማጥፊያ)። በስማቸው ከመያዝ ይልቅ በምስላቸው ማስታወስ ይቀላል።

አፑን ከስልኩ ጋር ከሚመጣው ማስተካከያ የሚለየው ሴሌክቲቭ ነው። የእሑድን ፎቶ እንውሰድ፤ ነጠላ የለበሱ እናት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመዋል። የስልኩ ካሜራ የሚያየውን ብርሃን ሁሉ አማካይ ለማድረግ ይሞክራል፤ ነጩ ነጠላ ፎቶውን ስለሞላው «ብርሃን በዛ» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል፣ ፊታቸውም ይጠቁራል። ብዙ ሰው ይህን ለማካካስ ስክሪኑ ላይ ፊታቸውን ነክቶ የፀሐይ ምልክቷን ወደ ላይ ይስባታል። ፊቱ ይበራል፤ ነጠላው ግን ይቃጠላል። ድሩና ማጉ የማይታይ፣ ጥለቱ የደበዘዘ ነጭ ጨርቅ ይሆናል። አንዴ የተቃጠለ ነጭ በየትኛውም አፕ አይመለስም። ስለዚህ ነጠላው በደንብ እስኪታይ ድረስ በመጠኑ ጨለም አድርጎ አንስቶ ፊቱን በሴሌክቲቭ ማንሳት ይሻላል።

ሴሌክቲቭን ይክፈቱና ፊታቸው ላይ አንዴ ይንኩ፤ ትንሽ ክብ ነጥብ ትቀመጣለች። በሁለት ጣት ሲያጠብቡና ሲያሰፉ የሚሠራበት አካባቢ በቀይ ይታያል፤ ቀዩ ፊትና አንገት እስኪሸፍን ያሳንሱት። ከዚያ ወደ ቀኝ እያንሸራተቱ ብርሃኑን ከ25 እስከ 35 ያድርሱት። አፑ ነጥቧ ካረፈችበት ቀለም ጋር የሚመሳሰለውን ብቻ ስለሚይዝ አጠገቡ ያለው ነጭ ጨርቅ አይነካም። ከ50 ካለፉ በርካሽ ስልክ ላይ ፊቱ አመድ የነሰነሱበት ይመስላል፣ ጥላው ውስጥም ቅንጣት ቅንጣት ነገር ይወጣል። ሁለተኛ ነጥብ ነጠላው ላይ አስቀምጠው ብርሃኑን 15 ያህል ቢቀንሱ፣ ስትራክቸሩን (ዝርዝሩን የሚያጎላውን) 10 ቢጨምሩ ሽመናው ይወጣል። እስከ ስምንት ነጥብ ይፈቅዳል፤ ከሦስት በላይ ያስፈለገው ፎቶ ግን ዳግም ቢነሳ ይሻላል።

ሴሌክቲቭ የማያድነውም አለ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወደ 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስላለች የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከፍ ያለች ናት፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ሰሞን ደግሞ ቀጥ ብላ ከላይ ትወርዳለች። በዚያን ጊዜ የተነሳ ሰው የዓይኑ ጉድጓድ ጥቁር፣ አፍንጫው ብሩህ ይሆናል። መድኃኒቱ አፕ ሳይሆን ሰውየውን ሁለት እርምጃ ወደ ግድግዳ ጥላ ማስጠጋት ነው፤ ፊቱን ወደ ክፍት ሰማይ ያዙር። ካልሆነም ጠዋት እስከ 3 ሰዓት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ማንሳት።

ለቡና ፎቶ ደግሞ ቱን ኢሜጅ ይበቃል። ጭሱ እንዲታይ ብርሃኑ ከጭሱ ጀርባ ወይም ከጎን መምጣት አለበት፣ ከኋላው ያለው ነገር ደግሞ ጠቆር ይበል። ከነጭ ግድግዳ ፊት የተቀመጠ ጀበና ጭስ የለውም። የመስኮት ብርሃን ካለ አምፖሉን ያጥፉት፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ ሰማያዊ ይሆናል፣ ይህን ለማስተካከልም ዋርምዝ የሚለው (ቀለሙን ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሰማያዊ የሚወስደው) አይችልም፤ እሱ ፎቶውን በሙሉ ነው የሚያዞረው። ሲቀዳ ለማንሳት ስልኩን ስኒው ከፍታ ድረስ አውርዶ ክርኑን ጉልበት ላይ ማስደገፍ ነው። እጅ ለሚንቀጠቀጥበት ሰው ስክሪኑን ከመጫን የድምፅ ቁልፉን መጫን፣ ወይም ሰዓት ቆጣሪውን ሦስት ሰከንድ ላይ ማድረግ ይቀላል። ከዚያ በቱን ኢሜጅ ሻዶውስን (የጨለመውን ክፍል) 20 ያህል ከፍ፣ ሃይላይትስን (የበራውን ክፍል) 20 ያህል ዝቅ። አበቃ።

እዚህ ላይ ጨለማውንና ብርሃኑን አጋንኖ የሚያወጣውን ኤችዲአር ስኬፕ የሚባለውን መሣሪያ እንዳይነኩ። የብዙ ጀማሪ ፎቶ የሚበላሸው በእሱ ነው። ጭሱን ጭቃ፣ የአዛውንት ፊት የተሰነጠቀ መሬት ያስመስለዋል፤ ሰማዩም ከቤቱ ጣሪያ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ነጭ ጥላ ያበጃል። ዝርዝርን የሚያጎላው ዲቴይልስም ቢሆን ለጥልፍና ለእንጨት እንጂ ለፊት አይሆንም።

ለጡረተኛ ሳምንት በጣም የምንመክረው ሐሙስን ወይም ሌላ ጭር ያለ ቀንን ለድሮ ፎቶዎች መስጠት ነው። አልበም ውስጥ ያለውን የስቱዲዮ ፎቶ ከፕላስቲኩ ያውጡት፤ ከወረቀቱ ጋር ከተጣበቀ ግን አይጎትቱት፣ እንዳለ ይነሳ። መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ያንጥፉት፣ ፀሐይ በቀጥታ አትረፍበት፣ ፍላሽ ይጥፋ። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ከሆነ መስኮቱ ከጎን ይሁን፤ ከራስ በላይ ያለው አምፖል ከበራ ነጸብራቁ መሃል ላይ ይቀመጣል። ስልኩን ከፎቶው ጋር ትይዩ ይያዙ። ትንሽ ከዘመመ ፐርስፔክቲቭ የሚለው መሣሪያ ያቃናዋል፤ ብዙ ከዘመመ ግን ፊቶቹ ይረዝማሉ። ከዚያ በሂሊንግ የእጥፋትና የዝንብ ነጠብጣብ ይጠፋል። ምስጢሩ በሁለት ጣት በጣም አቅርቦ በአጭር በአጭሩ መንካት ነው፤ ረጅም ጭረት በአንድ ጊዜ ሲጎትቱበት ከጎን ያለውን ነገር ቀድቶ ይለጥፋል። ፊት ላይ ያለፈ ጭረት ከሆነ ዓይንና አፍ አካባቢ ይተውት፤ አፑ የሌለ ነገር ይፈጥራልና።

የቀሩት ቀኖች ብዙ አያስቸግሩም። ረቡዕና ዓርብ በያይነቱ ከላይ ወደ ታች፣ ቅዳሜ ገበያ ቅመምና በርበሬ ከቅርብ፣ ማክሰኞ የአንድ ጎረቤት እጅ፤ ሲፈትል፣ ሲቆርጥ፣ ሲጽፍ። ሰው ሲነሳ ፈቃድ ይጠየቅ፤ ለሐዘን በተጣለ ድንኳን ውስጥ ስልኩ ኪስ ውስጥ ይቆይ። ዲጂታል ዙም አይጠቀሙ፣ ይጠጉ። ሌንሱን ሁልጊዜ በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ፎቶው ጉም የለበሰ ከመሰለ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጣት ቅባት ነው፣ አፕም አያስወግደውም።

አሁን ድክመቶቹ። ስናፕሲድ ቀን አያስታውስም፣ የወሩን ፎቶዎች በቀን መቁጠሪያ አይደረድርም፤ ለዚያ የስልኩን ደወል በየቀኑ መሙላትና ጋለሪ ውስጥ የወሩን አልበም መክፈት ያስፈልጋል። አንድሮይድ ላይ ሴቭ ሲሉ ዋናውን ፎቶ ሳይነካ ቅጂ ያወጣል፣ ይህ ጥሩ ነው። ሴቭ ካላሉት ቪው ኤዲትስ (የተደረጉት እርምጃዎች ዝርዝር) ውስጥ ገብቶ ማንኛውንም እርምጃ መሰረዝ ይቻላል፤ የተቀመጠውን ቅጂ መልሰው ሲከፍቱ ግን እርምጃዎቹ የሉም። ስለዚህ ዋናውን ቶሎ አያጥፉት።

ቦታም ይይዛል። አንድ ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢሆን የዓመቱ ወደ 1.5 ጊጋባይት ይጠጋል፣ ከቅጂው ጋር እጥፍ ነው። ፎቶን ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጠው ጎግል ፎቶስ በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ከጂሜይልና ከድራይቭ ጋር የሚጋሩት ስለሆነ ቶሎ ይሞላል።

ሥራችሁ ጠርዝ መቁረጥና ብርሃን መጨመር ብቻ ከሆነ ስልኩ ላይ ያለው ይበቃችኋል፤ ለዚያ ስናፕሲድን አታውርዱ። ፊትና ነጠላ፣ የድሮ ፎቶና ጭስ ካለ ግን ይውረድ። ሁልጊዜ የምታደርጉት ተመሳሳይ ማስተካከያ ሲኖር ሉክስ (የተዘጋጁ መልኮች ስብስብ) ውስጥ የመደመር ምልክቷን ነክታችሁ አስቀምጡት፤ በሚቀጥለው ቀን በአንድ ንክኪ ይመጣል። ውጭ ላሉ ልጆች በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ጨምቆ ያሳንሰዋል፤ ማተም ለሚፈልግ ሰው ከሆነ በዓባሪው ምልክት ገብታችሁ እንደ ፋይል ላኩት።