ያለ ፍላሽ ያነሳኝ ልጅ
ለሊንክድኢን የሚሆን ፎቶ ፈልጌ በፊት አንድ ስቱዲዮ ሄጄ ነበር፣ ፊቴ ዱቄት የተነፋበት መስሎ ነው የወጣሁት። ይሄኛው ልጅ ግን ፍላሽ የሚባል አይዝም። ምሳ ሰዓት ላይ እንነሳ ስለው "አይሆንም እህቴ፣ አዲስ አበባ ቀትር ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለሆነች ዓይንሽ ስር ጥላ ትጥልብሻለች" ብሎኝ 11 ሰዓት እንጦጦ ፓርክ ቀጠረኝ። ጀርባዬን ለፀሐይዋ ሰጥቼ ቆምኩ፣ እሱ ግን ሪፍሌክተሩን፣ ማለት ብርሃን ፊት ላይ የሚመልሰውን ነገር፣ ረስቶት መጥቷል፣ አይገርምም? ነጠላዬን ተቀብሎ ጓደኛዬን ከደረቴ በታች ዘርግተሽ ያዢ አላት፣ ብርሃኑ ከታች ፊቴ ላይ ሲመለስ በዓይኔ አየሁት። ሌንሱ 85 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከኋላ ባህር ዛፉ ሟሟ ብሎ ወጥቷል፣ ደግሞ ቆዳዬን አላነጣውም፣ የራሴው ጠይም ነው።
ለመስሪያ ቤታችን ፕሮግራምም እኔው ነኝ ያስጠራሁት። ቀን ላይ መስኮቱ ጋ ያነሳቸው አሪፍ ናቸው፣ ሲመሽ ግን አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከፍ አድርጎት የኬክ ቆረሳው ፎቶ አሸዋ አሸዋ ይላል፣ አለቃችንም ፊታቸው በደንብ አይለይም። በሳምንት ያለውን ደግሞ በሦስት ሳምንት ነው የላከልን፣ ያውም ስንት ጊዜ ደውዬ። ለፖርትሬት ዓይኔን ሳላሽ እመለሳለሁ፣ የማታ ፕሮግራም ካላችሁ ግን ፍላሽ ያለው ሰው ፈልጉ።