የጨረታ ያማሃ ወይስ አዲስ ቦክሰር? ደሴና ኮምቦልቻ ለሚመላለስ ሰው

የመሥሪያ ቤቶች የጨረታ ማስታወቂያ በተለጠፈ ቁጥር ያው ጥያቄ ይመጣል፦ «አሮጌውን ያማሃ ሞተር ብስክሌት በርካሽ ልውሰደው ወይስ ጨምሬ አዲስ ቦክሰር ልግዛ?» መልሱን ሳላንዛዛ ልናገር፤ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ለሚመላለስ ሰው ቦክሰር 150 (የህንዱ ባጃጅ ኩባንያ ሞተር) ይሻላል። ያማሃ ክፉ ሞተር ሆኖ አይደለም። ዲቲ 125ም ሆነ ኤጂ 100 ጭቃና ዳገት የሚችሉ ጠንካራ ሞተሮች ናቸው። ገንዘቡን ቆጥሮ ለሚገዛ ሰው ግን ሒሳቡ ወደ ቦክሰር ያደላል።

ከጨረታው ልጀምር፤ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጎዳው እዚያ ነው። አሸናፊ የሆናችሁበት ብር ሞተሩን ከግቢ ለማውጣት እንጂ በስማችሁ ለማዞር አይበቃም። የእርዳታ ድርጅቶች ሞተር ብዙውን ጊዜ ከቀረጥ ነፃ የገባ ነው። መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡ ይከፈልበታል፤ ያ ካልተከፈለ ሊብሬው በስማችሁ አይዞርም። ስለዚህ ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ ቼክ) ከማስያዛችሁ በፊት ቀረጡን ሻጭ ይክፈል ወይስ ገዢ የሚለውን ከጨረታ ሰነዱ ላይ አንብቡ። በቃል የተነገራችሁን አትቁጠሩት። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ መኖሩን፣ ቦሎው ስንት ዓመት ሳይታደስ እንደቆየና ውዝፉ በማን ላይ እንደሆነም ጠይቁ። የሻንሲ ቁጥሩ ከመሪው አንገት ላይ ስላለ በቤንዚን በራሰ ጨርቅ ጠርጋችሁ ከሊብሬው ጋር ቁጥር በቁጥር አስተያዩ። ሞርድ የነካው ወይም እንደገና የተመታ የሚመስል ቁጥር ካያችሁ ዋጋው ምንም ቢረክስ ተዉት።

ወረቀቱ ከጠራ ሞተሩን ዕዩ። አሮጌ ባለ ሁለት ምት (ዘይትና ቤንዚን አብሮ የሚያቃጥል) ያማሃ ላይ ቀለምና መቀመጫ ማየት ጊዜ ማባከን ነው። የሚፈቀድላችሁ ከሆነ ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) አስፈትታችሁ የፒስቶኑን አናት ካርቦኑን ጠርጋችሁ ተመልከቱ። 25፣ 50፣ 75 ወይም 100 የሚል ቁጥር ከተመታበት ሲሊንደሩ ስንት ጊዜ እንደተቦረቦረ ይነግራችኋል፤ የመቶኛ ሚሊ ሜትር ልክ ነው። ቁጥር የሌለው ወይም 25 ያለበት ሞተር ገና ዕድሜ አለው። 100 ካያችሁ የሚቀጥለው ጥገና አዲስ ካሚቻ (የሲሊንደር የውስጥ ቀፎ) ማስገባት ወይም ሲሊንደር መቀየር ስለሆነ ያንን ወጪ ካሁኑ በጨረታው ዋጋ ላይ ደምሩት። ቴስታታ አይፈታም ካሏችሁ ደግሞ ቁልፉን ዘግታችሁ የመነሻውን ፔዳል በእጅ ቀስ አድርጋችሁ ጫኑ። ሳይገፋችሁ ልስልስ ብሎ ከወረደ ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) አልቋል።

ቀጥሎ በክራንክ ሻፍቱ ሁለት ጫፍ ያሉት፣ አየርና ዘይት እንዳያልፍ የሚከለክሉት ሁለቱ ኦይል ሲሎች አሉ። ሞተሩን አስነስታችሁ ካሞቃችሁ በኋላ ቤንዚኑን ስትለቁት ቶሎ የማይረጋ፣ እየጮኸ የሚቆይ ከሆነ በማግኔቱ በኩል ያለው ሲል አየር ያስገባል። በፍሪሲዮን በኩል ያለው ከተበላሸ ሞተሩ የማርሽ ዘይቱን እየሳበ ያቃጥላል፤ ጭሱ ነጭና የማይቆም ይሆናል፣ የማርሽ ዘይቱም ሳይፈስ ይጎድላል። ሲሉ ራሱ ርካሽ ነው። ውዱ ሥራው ነው፤ በፍሪሲዮን በኩል ያለው አንዳንዱ ሞዴል ላይ ካርተሩ (የሞተሩ የታች ቀፎ) ለሁለት ሳይከፈት አይቀየርም። ካርተር ከተከፈተ ደግሞ ኩሽኔታውና ቢዬላው (ፒስቶኑን የሚይዘው ዘንግ) አብረው ይነሣሉ፤ ያኔ ርካሽ የተባለው ሞተር የአዲስን ግማሽ ዋጋ ይበላል።

ሌላው ችግር የዘይት ፓምፑ ነው። ያማሃ ዘይቱን ለብቻው በጋን ይዞ በፓምፕ ነው ከቤንዚኑ ጋር የሚያገናኘው። ብዙ የተሠራበት ሞተር ላይ ግን ፓምፑ ተደፍኖ ባለቤቱ ዘይቱን በእጁ ከቤንዚን ጋር እየቀላቀለ ሲነዳ ኖሯል። ይህን ሳያውቅ የገዛ ሰው ጋኑ ዘይት ስላለው ብቻ ንጹሕ ቤንዚን ይቀዳና በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ሳያልፍ ፒስቶን ያቀልጣል። ከፓምፑ የምትወጣዋን ቀጭን ቱቦ ተከታትላችሁ እስከ መጨረሻዋ ድረስ ዕዩ። ከተደፈነች በየሊትሩ 40 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ዘይት መቀላቀል ግዴታችሁ ይሆናል።

ሐረጎን ካነሣሁ አይቀር፣ ለእኔ ፍርዱን የሚሰጠው ይኸው ቁልቁለት ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በዚያች ርቀት ግን ወደ 600 ሜትር የሚሆን ከፍታ ትወርዳላችሁ። ባለ ሁለት ምት ሞተር ፒስቶኑን የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር በሚገባው ዘይት ነው። ቁልቁል ስትወርዱ በሦስተኛ ማርሽ ይዛችሁ ቤንዚኑን ስትዘጉ ሞተሩ በመንኮራኩሩ እየተገፋ በፍጥነት ይሽከረከራል፣ የሚደርሰው ዘይት ግን ጥቂት ነው። ሲሊንደሩ ይደርቅና ፒስቶኑ ይጣበቃል፤ ያኔ የኋላ ጎማው ባለበት ይደርቃል። ጠመዝማዛ ላይ ከሆነ ውጤቱን መገመት ይቻላል። ያማሃ ያለው ሰው እየወረደ በየጠመዝማዛው ለአንድ አፍታ ቤንዚን መስጠት፣ ሁለት ጣቱንም ከፍሪሲዮኑ ላይ አለማንሣት አለበት። ይህን ፈርቶ በፎሌ (ማርሽ ሳያስገባ) የሚወርደው ደግሞ ፍሬኑን ያቃጥላል። ባለ ከበሮ ፍሬን ሲግል ሸራው መያዝ ያቆማል፤ ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ ፔዳሉ እስከ ታች ይወርዳል፣ ሞተሩ አይቆምም።

ቦክሰር ባለ አራት ምት ነው። ዘይቱ ከታች ካርተሩ ውስጥ ስላለና ፓምፑ ሞተሩ እስከዞረ ድረስ ስለሚረጨው ቤንዚን ቢዘጋም ባይዘጋም ለውጥ የለውም። የቦክሰርም ፍሬን ከበሮ ነው፤ ግን በሦስተኛ ማርሽ፣ ጠበቅ ያለው ጥምዝ ላይ በሁለተኛ፣ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ያወርዳችኋል። ፍሬኑን በየመሐሉ ያዝ ለቀቅ ማድረግ ብቻ ይበቃል። ክረምት ላይ ሐረጎ ጉም ሲለብስና መንገዱ ሲርስ ይህ ልዩነት ከየትኛውም ዋጋ ይበልጣል።

አሁን ወደ ነዳጁ። የቤንዚን ዋጋ ስለሚለዋወጥ በብር ሳይሆን በሊትር እቆጥራለሁ፤ በብሩ የዕለቱን ዋጋ እያባዛችሁ ድረሱበት። ደርሶ መልስ 50 ኪሎ ሜትር፣ በወር 26 የሥራ ቀን እንበል። ደህና የተያዘ ቦክሰር 150 በሊትር 45 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በወር 29 ሊትር ይበቃዋል። ያረጀ ዲቲ 125 ዳገቱን ጨምሮ በሊትር 25 ከሄደ ደህና ነው፤ 52 ሊትር ይፈልጋል። በዚያ ላይ በፓምፑ ልክ ከአርባ አንድ እጅ ብንቆጥር 1.3 ሊትር የባለ ሁለት ምት ዘይት። ልዩነቱ በወር 23 ሊትር፣ በዓመት 276 ሊትር ቤንዚንና ከ15 ሊትር በላይ ዘይት ነው። ቦክሰር በየ2000 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሊትር ገደማ ዘይት ቢቀየርለት በዓመት ስምንት ሊትር እንኳ አይሞላም። በጨረታ አተረፍኩ የምትሉትን ብር በዚህ ልዩነት አካፍሉትና በስንት ወር እንደሚያልቅ ዕዩት። ኤጂ 100 ከዲቲ ይቆጥባል፣ ቦክሰርን ግን አይደርስበትም።

ጎማም አለ። ዲቲ ፊት 21፣ ኋላ 18 ኢንች ቸርኬ ነው። ቦክሰር ሁለቱም 17 ስለሆነ ጎማም ካላማዳሪያም የትም አለ። ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ ያለችውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አንብቡ፦ 2219 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. 22ኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ነው። መደርደሪያ ላይ ብዙ ዓመት የቆየ ጎማ በአዲስ ዋጋ አይገዛም።

ቦክሰርን ከወሰናችሁ 100 ወይስ 150 የሚለው ይቀራል። 150 ውሰዱ፤ ምክንያቱ አየሩ ነው። በየ1000 ሜትሩ ከፍታ ሞተር የጉልበቱን አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሩቡ ሄዷል። 12 የፈረስ ጉልበት የተባለው 150 ዘጠኝ ገደማ ይቀረዋል፤ ስምንት የነበረው 100 ወደ ስድስት ይወርዳል። ሰው አፈናጥጦ ከኮምቦልቻ ሲወጣ 100ው በሁለተኛ ማርሽ እየጮኸ ነው የሚደርሰው፤ እየጮኸ የሚወጣ ሞተር ደግሞ ነዳጁን አይቆጥብም፣ ፍሪሲዮኑንም ቶሎ ይበላል። በግዢ የተረፈው ልዩነት በዚያው ያልቃል።

የቦክሰርን ጉድለትም አልደብቅም። የፊት ጭቃ መከላከያው ለጎማው ስለሚጠጋ ወደ ኩታበር በኩል ባለ ጥቁር ጭቃ ይታፈናል፤ አንዳንዱ ክረምት ላይ ከፍ ያስደርገዋል። ፋብሪካው የሚሰጠው ማርሽ ለሜዳ የተመቸ ስለሆነ ሰንሰለቱን የምታዞረውን የፊት ጥርስ በአንድ ቁጥር ባነሰች መቀየር ለዳገት ይረዳል፤ ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ፍሪሲዮኑ ግን ያርፋል። ካርቡራተሩም እዚህ ከፍታ ላይ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ጂግለሩን (ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ) በአንድ ቁጥር ማሳነስ ነው። ነገር ግን በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ቆላ የሚወርድ ሰው ይህን ከማድረጉ በፊት ያስብ፤ እዚያ አየሩ ስለሚወፍር ቤንዚን ያንሰውና ሞተሩ ይግላል። በባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ ይህ ስሕተት ፒስቶን ይበሳል።

ትልቁ የቦክሰር ጠላት ግን ፎርጅድ ዕቃ ነው። ሞተሩ በብዛት ስላለ ቅጂውም በብዛት አለ፣ ካርቶኑም ከኦሪጅናሉ አይለይም። ካቴናን (ሰንሰለቱን) በካርቶኑ ሳይሆን በሜትር ፈትኑት። የ428 ካቴና ሃያ ማያያዣ፣ ከአንዱ ፒን መሐል እስከ ሃያ አንደኛው ፒን መሐል፣ ተወጥሮ ሲለካ 254 ሚሊ ሜትር ነው። 259 ከደረሰ አልቋል። አዲስ ተብሎ የተሸጠ ካቴና ጥቂት ሳምንት ሳይሞላው እዚያ ከደረሰ ብረቱ ለስላሳ ነው፤ ቀጥሎ የኮሮናውን (ከኋላ ጎማው ጋር የሚዞረውን ጥርሳም ክብ) ጥርስ ያሾላል። ስለዚህ ካቴና፣ ፊት ጥርስና ኮሮና አንድ ላይ ነው የሚቀየሩት። አሮጌ ኮሮና ላይ አዲስ ካቴና መጫን ገንዘብ ማቃጠል ነው።

የፍሬን ሸራ ስትገዙ ሸራው ከብረቱ ጋር የተጣበቀበትን ጠርዝ በጥፍር ሞክሩት። ክፍተት ካለው ወይም ማጣበቂያው ተዝረክርኮ ከወጣ መልሱ፤ ግሎ ሲላቀቅ ከበሮው ውስጥ ተወሽቆ ጎማውን ያደርቀዋል። ፋሻ ከመገጠሙ በፊት አንዷን ብቻ ሲሊንደሩ ውስጥ ከታችሁ፣ በፒስቶኑ ራስ ገፍታችሁ ካስተካከላችሁ በኋላ አፏን በፊለር ጌጅ (በክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) ለኩ። ከሚሊ ሜትር ሁለትና ሦስት አሥረኛው መካከል ከሆነች ደህና ናት፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከከፈተች አዲስ ሆና ሳለ ያለቀች ናት። መካኒኩ «ምንም አይል» ቢላችሁም እሺ አትበሉ፤ ዘይት የሚበላውን ሞተር ዘይት የምትገዙለት እናንተ ናችሁ።

ስለ ሌሎቹ በአጭሩ። ቲቪኤስ ኤችኤልኤክስ 150 ከቦክሰር አይተናነስም፤ ሰፈራችሁ ያለው መለዋወጫ ቤት የማንን ዕቃ በብዛት እንደያዘ አይታችሁ ምረጡ። ርካሾቹ የቻይና 125ና 150 ሞተሮች አብዛኞቹ የድሮውን የሆንዳ ሲጂ ሞተር ቅጂ የያዙ ናቸው፤ ሞተሩ ራሱ ቀላልና የሚጠገን ነው። የሚያስመርረው ዙሪያው ነው፦ ሽቦው፣ ኩሽኔታው፣ ራጂው፣ ብየዳው። ስሙም በየጊዜው ስለሚለወጥ ሲሸጥ ዋጋ አያወጣም። ቦክሰር ግን ሦስት ዓመት ተነድቶም ገዢ ያገኛል፤ ይህም የዋጋው አካል ነው።

ያማሃን ግዙ የምለው ለአንድ ዓይነት ሰው ነው፦ አስፋልት ሳይሆን የገጠር ቀበሌ መንገድ ለሚውልበት። ለእሱ የኤጂ የተሸፈነ ካቴና ከጭቃና ከአሸዋ ስለሚጠበቅ ዕድሜው ይረዝማል፤ በግራም በቀኝም ያለው መቆሚያ ተዳፋት ላይ ይጠቅማል፤ የፊትና የኋላ ጭነት ማሰሪያውም የዋዛ አይደለም። የሚገኝ ከሆነ ደግሞ ባለ አራት ምቱ ኤጂ 200 ይቅደም፤ የሐረጎን ጣጣ አያመጣባችሁም።

አዲሱን ቦክሰር ያወጣችሁ ዕለት ካቴናውን ዕዩ፤ ፋብሪካው ሲያስረክበው ጠብቆ ሊሆን ይችላል። ሰው ተቀምጦበት መሐሉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል መጫወት አለበት። የመጀመሪያውን 500 ኪሎ ሜትር ሐረጎን ሰው ሳታፈናጥጡ፣ በአንድ ፍጥነት ሳትደርቁ፣ ማርሽ እየቀያየራችሁ ንዱት። 500 ሲሞላ ዘይቱን ሞተሩ ሙቅ እያለ አፍስሱና 20ደብሊው 50 ሙሉ፤ የቫልቮላውን (የቫልቩን) ክፍተት ልክ ግን ሌሊቱን አድሮ ከቀዘቀዘ በኋላ አስፈትሹ።