በ650 ብር የገዛሁት ባለ ገመድ ቴርሞሜትር

ባለፈው ወር አዳማ መናኸሪያ አካባቢ ካለ ሱቅ ዲጂታል ቴርሞሜትር ገዛሁ። 650 ብር። ገመዱ ሦስት ሜትር ነው፤ ጫፉ ላይ የእስክሪብቶ ክዳን የሚያህል የብረት ሴንሰር አለው። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ውቅያኖስ ሥር ያለ ፍል ውሃ እንዴት እንደሚገኝ ተማሪዎቼ በእጃቸው እንዲሞክሩት ፈልጌ ነው።

መጀመሪያ ቤት ፈተንኩት። በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ 0.3 አለ። የፈላ ውሃ ውስጥ 94.8። ተበላሽቷል እንዳትሉ! አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍ ስለምትል ውሃ እዚህ የሚፈላው 95 ገደማ ላይ ነው። 2,500 ሜትር ውቅያኖስ ሥር ግን ግፊቱ ከባድ ስለሆነ ከ350 ዲግሪ በላይ የጋለ ውሃ እንኳ ሳይፈላ ይወጣል።

ክፍል ውስጥ ትልቅ ሳፋ ሞላን። ማንም ታቹን እንዳያይ ውሃውን በአፈር አደፈረስኩት። በግሉኮስ ቱቦ ከሥር ትኩስ ውሃ ለቀቅኩ። በአንድ በኩል ከጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ በጎማ ይገባል፣ በሌላው በኩል ይፈሳል። "ፍል ውሃው የት ነው?" አልኳቸው።

ሴንሰሩን ወዲያ ወዲህ ቢያማስሉም ቁጥሩ ዝም ብሎ ወጣ ገባ ይላል። አንዷ ልጅ ዱላ ላይ ክር አስራ ነከረች። ክሩ ወዴት እንደተጋደመ አየችና ሴንሰሩን ፍሰቱ ወደመጣበት ቀስ እያለች ገፋችው። 22.4፣ 22.9፣ 24.1። "ቲቸር፣ እዚህ ጋ ነው!" ቱቦው እጇ ሥር ነበር። ልቤ ነው የሞላው።

ባሕር ላይም እንዲሁ ነው። ፍል ውሃው 2 ዲግሪ ገደማ ከሆነው ውሃ ጋር እየተቀላቀለ መቶ፣ ሁለት መቶ ሜትር ይወጣል። ክብደቱ ከዙሪያው ውሃ ጋር ሲስተካከል መውጣቱን ትቶ ጅረቱ ወደወሰደው ይዘረጋል። እዚያ ሲደርስ የሚቀረው ልዩነት የዲግሪ መቶኛ ነው። ስለዚህ ሙቀቱን ብቻ ሳይሆን ጅረቱንም ለክቶ ዱካውን ወደ ኋላ መከተል ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1977 በፓስፊክ ውቅያኖስ ጋላፓጎስ ደሴቶች አጠገብ መርከብ የሚጎትተው አንገስ የተባለ ካሜራ ሙቀት ሲጨምር መዘገበ፤ ሦስት ደቂቃ እንኳ አልቆየም። እዚያች ቦታ በተነሱት 13 ፎቶዎች ላይ ነጫጭ ባለ ሁለት ክፍል ዛጎል እንስሳት ታዩ። ከዚያ አልቪን የተባለች ትንሽ ሰርጓጅ መርከብ ሰው ይዛ ወረደች።

ወደ ዕቃዬ ልመለስ። የሚያነበው እስከ ዲግሪ አንድ አሥረኛ ነው፤ ለሳፋ ይበቃል። ግን ዘገምተኛ ነው። አንድ ቦታ አሥር ሰከንድ ካላቆያችሁት ያሳስታል። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ገመዱ ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት ውሃ ገባና 70 ማሳየት ጀመረ። ባለሱቁ "መምህር፣ ይህማ ዋስትና የለውም" አለኝ። በጣም ተናድጄ ነበር፤ ውሃ የማያስገባ ነው ብሎ ነው የሸጠልኝ። አድርቄ መጋጠሚያውን በሲሊኮን ደፈንኩት፤ እስካሁን ደህና ነው።

ከገዛችሁ ውሃ ሳይነካው በፊት ድፈኑት። ባለ አንድ ሜትሩን ግን ተዉት፤ ገመዱ ለሳፋም አያዳርስም።